በፒክአፕ የተጀመረው ስታዲየም፦ ዱዲ ኖብል ፊልድ ምን ዓይነት ሜዳ ነው፣ 68 ሚሊዮን ዶላርስ ለምን ወጣበት?

አሜሪካ ውስጥ ሚሲሲፒ በምትባለው ግዛት ስታርክቪል የምትባል ከተማ አለች፤ በ2020ው ቆጠራ የነዋሪዋ ቁጥር 24,000 ገደማ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው)። እዚህች ከተማ ኤፕሪል 15 ቀን 2023 አንድ የቤዝቦል ጨዋታ ተደርጎ 16,423 ሰው ገብቶ አይቷል። ከከተማው ሕዝብ ጋር አስተያዩትና። ያውም ፕሮፌሽናል ጨዋታ አይደለም፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው የተጫወቱት፣ ሚሲሲፒ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ከጎረቤቱ ከኦል ሚስ (የሚሲሲፒ ዩኒቨርሲቲ ቅጽል ስም ነው) ጋር። ይሄ ቁጥር በአሜሪካ የኮሌጅ ቤዝቦል ታሪክ ውስጥ በዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ በሚገኝ ሜዳ ላይ የተመዘገበ ትልቁ የተመልካች ቁጥር ነው።

ዲሲ አካባቢ ያላችሁ ናሽናልስ ፓርክን አይታችሁት ይሆናል፣ 41,000 ገደማ ይይዛል፣ እና 16,000 ላይመስላችሁ ይችላል። ግን ያኛው የሜጀር ሊግ፣ ማለትም የከፍተኛው ፕሮፌሽናል ሊግ ስታዲየም ነው፣ ትልቅ ከተማ መሃል ላይ። ሚሲሲፒ ግን የሜጀር ሊግ ቡድን የሚባል ነገር የላትም፣ ኖሯትም አያውቅም። ስለዚህ እዚያ ቤዝቦል የሚወድ ሰው ልቡን የሚሰጠው ለዩኒቨርሲቲው ነው፣ ተምሮበትም ባይሆን። ይሄን ካልያዛችሁ ቀጥሎ የምነግራችሁ ነገር በሙሉ እብደት ነው የሚመስላችሁ።

ሜዳው ዱዲ ኖብል ፊልድ ይባላል። ዱዲ ኖብል የድሮ አሰልጣኝ ነው፣ ከ1920 ጀምሮ ለብዙ ዓመት ቤዝቦሉን አሰልጥኗል፣ በኋላ ደግሞ የዩኒቨርሲቲው የስፖርት ዳይሬክተር ሆኖ እስከ 1959 ቆይቷል። የሚገርመው ከዚያ በፊት የቀንደኛው ተቀናቃኝ የኦል ሚስ አሰልጣኝ ነበር፣ ግን ያንን እዚያ ሰፈር ብዙ ማንሳት አይወደድም። የአሁኑ ሜዳ የተከፈተው በ1967 ነው፣ እሱ ከሞተ ከአራት ዓመት በኋላ። በዚያን ጊዜ ስታዲየም ለማለትም ይከብዳል፤ ሜዳ፣ አጥር፣ ትንሽ መቀመጫ፣ በቃ።

እንግዲህ ታሪኩ የሚጀምረው ከዚያ አጥር ነው።

ቤዝቦል ሜዳን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ላስረዳ፣ ካልሆነ ሌላው አይገባም። ሜዳው እንደ ማራገቢያ የተዘረጋ ቅርጽ አለው። ጠባቡ ጫፍ ላይ ሆም ፕሌት አለ፣ ኳስ መቺው እዚያ ይቆማል፣ ከፊቱ በ18.4 ሜትር ርቀት ላይ ደግሞ ወርዋሪው ፒቸሩ ከመሬት 25 ሴንቲሜትር ከፍ ባለ ጉብታ ላይ ቆሞ ይወረውርለታል። አራቱ ቤዞች እያንዳንዳቸው በ27.4 ሜትር ልዩነት ካሬ ሠርተው ይቀመጣሉ፣ እነዚህ ቁጥሮች ደግሞ የትም ስታዲየም ብትሄዱ አይለወጡም። የሚለወጠው ከዚያ በኋላ ያለው ነው፣ ሰፊው የሳር ክፍል አውትፊልድ የሚባለውና አጥሩ። አጥሩ ምን ያህል ይርቃል፣ ምን ያህል ቁመት አለው፣ የሚለውን እያንዳንዱ ሜዳ በራሱ ነው የሚወስነው፣ ኮሌጅ ላይ የተለመደው ጎንና ጎኑ 100 ሜትር ገደማ፣ መሃሉ ደግሞ 120 ገደማ ነው። እግር ኳስ ሜዳዎች ሁሉ ይመሳሰላሉ፣ የቤዝቦል ሜዳዎች ግን እያንዳንዳቸው የራሳቸው ጠባይ አላቸው የሚባለው ለዚህ ነው።

ዋናው መቀመጫ የሚሠራው ከሆም ፕሌቱ ጀርባ ነው ምክንያቱም ጨዋታው እዚያ ነው ያለው። ከአጥሩ ማዶ፣ ከአውትፊልዱ ጀርባ፣ ርካሽ ቦታ ነው፣ ሩቅ ነው፣ ማንም አይፈልገውም። ስታርክቪል ላይ ግን የሆነው ምንድነው፣ በ60ዎቹ መጨረሻ ተማሪዎችና የአካባቢው ሰዎች ፒክአፕ መኪናቸውን እየነዱ መጥተው ከግራው አውትፊልድ አጥር ጀርባ ማቆም ጀመሩ፣ መኪናው ጭነት ላይ ወንበር ደርድረው፣ ከሰል አቀጣጥለው፣ ሥጋ እየጠበሱ፣ ቢራ እየጠጡ ጨዋታውን ማየት። የከለከላቸው የለም። በሚቀጥለው ዓመት ሰው ጨመረ። ከዚያ አንዱ አሮጌ ተጎታች አምጥቶ እዚያው ተወው፣ ሌላው የተሻለ እንዲታየው ከፍ ያለ የብረት መድረክ በየደው፣ ሌላው ጣሪያ ጨመረበት፣ እንዲህ እንዲህ እያለ የማይነዳ የመኪና ሰፈር ሆነ። ስሙንም ሌፍት ፊልድ ላውንጅ አሉት።

ቦታውም እንደ ርስት ሆነ፣ ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፍ፣ ባለቤቱ ካልለቀቀ በቀር ማግኘት የማይታሰብ። በዚያ ላይ ባለጋራ ቡድን የግራ አውትፊልድ ተጫዋች አዘኑለት፣ ዘጠኝ ኢኒንግ (የጨዋታው ዙር) ሙሉ ጀርባውን ለእነዚህ ሰዎች ሰጥቶ ነው የሚቆመው፣ ስሙን ያውቃሉ፣ የትውልድ ከተማውን ያውቃሉ፣ ባለፈው ሳምንት ስንት ኳስ እንደሳተ ያውቃሉ። አንዳንዱ ተጫዋች ዞር ብሎ ሲስቅላቸው ይወዱታል፣ በጨዋታው መጨረሻ ሥጋ የሚሰጡትም አለ። ሆም ራን (አጥሩን አልፎ የሚሄድ ምት) ሲመታ ደግሞ ኳሱ ቀጥታ የሚሄደው ወደ ጥብሱ ነው፣ ስለዚህ ሥጋ የሚያገላብጠው ሰው አንድ ዓይኑ ሜዳ ላይ መሆን አለበት።

አርክቴክት አላሰበውም፣ ቦርድ አልወሰነውም። ይሄ ለኔ የሜዳው ትልቁ ነገር ነው፣ ዛሬ ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች አማካሪ ቀጥረው በገንዘብ ሊገዙት የሚፈልጉትን ድባብ እነዚህ ሰዎች በከሰልና በአሮጌ መኪና ነው የፈጠሩት። ከዚያ በኋላ የተሠራው ግንባታ ሁሉ ያንን እንዴት ሳናጠፋ ገንዘብ እናምጣበት የሚል ጥያቄ ነው።

በ1976 ሮን ፖልክ የሚባል አሰልጣኝ መጣ። እሱ ሰውዬ ኮሌጅ ቤዝቦልን ደቡብ ውስጥ ከቁም ነገር እንዲቆጠር ካደረጉት ሰዎች ዋናው ነው፣ በሕይወት ዘመኑ ከ1,300 በላይ ጨዋታ አሸንፏል። ከዚያ በፊት ብዙ የደቡብ ዩኒቨርሲቲዎች ቤዝቦልን እንደ ትርፍ ጊዜ ነበር የሚያዩት፣ የአሜሪካን ፉትቦል ምክትል አሰልጣኙ ጸደይ ላይ ሥራ እንዳይፈታ ቤዝቦሉን ያዝ ይባል ነበር። ፖልክ ሲመጣ ነገሩ ተቀየረ። በ1985 የነበረው ቡድኑ ዊል ክላርክና ራፋኤል ፓልሜሮ አንድ ላይ የተጫወቱበት ነው፤ ክላርክ በሚቀጥለው ዓመት ሜጀር ሊግ ገብቶ በመጀመሪያው ምቱ ከዝነኛው ወርዋሪ ከኖላን ራያን ላይ ሆም ራን መታ፣ ፓልሜሮ ደግሞ 569 ሆም ራን መትቶ ነው የጨረሰው። ሁለቱን በአንድ ኮሌጅ ሜዳ በሁለት ዶላር ቲኬት ማየት ማለት ምን እንደሆነ አስቡት (የቲኬቱን ዋጋ ለወሬ ነው ያልኩት፣ ርካሽ ነበር ለማለት ነው)።

በ1987 በ3.5 ሚሊዮን ዶላር ትልቅ መቀመጫ ተሠራ። ለጊዜው ኮሌጅ ቤዝቦል ላይ ይሄ ብዙ ገንዘብ ነበር፣ ሌሎቹም እየመጡ እያዩ ሄዱ። ከሁለት ዓመት በኋላ ኤፕሪል 22 ቀን 1989 ከፍሎሪዳ ጋር ሲጫወቱ 14,991 ሰው ገባ፣ ያ ሪከርድ 25 ዓመት ቆየ። በ1998 ስታዲየሙ በፖልክና በአንድ ትልቅ ለጋሽ ስም ፖልክ ዲሜንት ተባለ፤ ሜዳው ዱዲ ኖብል፣ ስታዲየሙ ፖልክ ዲሜንት፣ አሜሪካኖች ሳሩን ለአንዱ ግንቡን ለሌላው መስጠት ይችሉበታል። በ2014 እንደገና ከኦል ሚስ ጋር 15,586 ሰው ገብቶ የድሮው ሪከርድ ተሰበረ።

አሁን ወደ 68 ሚሊዮኑ እንምጣ። በ2017 የድሮውን መቀመጫ አፍርሰው እንደ አዲስ መሥራት ጀመሩ፣ የ2018 ሲዝን ሲጀመር ግንባታው አላለቀም ነበር፣ ሙሉ በሙሉ ያለቀው ለ2019 ነው። ለማነጻጸር፣ የ1987ቱን ወደ ሃያ ጊዜ እጥፍ ነው (የዋጋ ንረቱን ትታችሁ)። ለኮሌጅ ቤዝቦል!

ለምን? መልሱ ውድድሩ የተሠራበት መንገድ ላይ ነው ያለው።

የኮሌጅ ቤዝቦል ሲዝን ፌብሩዋሪ አጋማሽ ላይ ይጀምርና ሜይ ላይ መደበኛው ያልቃል። ከዚያ 64 ቡድን ይመረጣል። እነዚህ በ16 ቦታ አራት አራት ሆነው ይከፈላሉ፣ ሁለቴ የተሸነፈ ይወጣል፣ ይሄ ሪጅናል ነው። 16ቱ አሸናፊዎች ሁለት ሁለት ሆነው በስምንት ቦታ ይገናኛሉ፣ ከሦስት ጨዋታ ሁለት ያሸነፈ ያልፋል፣ ይሄ ሱፐር ሪጅናል ነው። የተረፉት ስምንቱ ኦማሃ ነብራስካ ይሄዳሉ፣ የኮሌጅ ወርልድ ሲሪስ የሚባለው እሱ ነው፣ ከ1950 ጀምሮ እዚያው ከተማ ነው የሚደረገው። እንግዲህ ቁልፉ ነገር ኦማሃ ከመድረሳችሁ በፊት ያሉት ሁለት ዙሮች የሚደረጉት ገለልተኛ ሜዳ ላይ ሳይሆን በራሳቸው በጥሩዎቹ ቡድኖች ግቢ ውስጥ መሆኑ ነው። በደረጃ ከ1 እስከ 16 ያለ ቡድን ሪጅናሉን በሜዳው ያዘጋጃል፣ ከ1 እስከ 8 ያለው ደግሞ ካሸነፈ ሱፐር ሪጅናሉንም። ማለትም እድለኛ ከሆናችሁ ኦማሃ እስክትገቡ ድረስ ከቤታችሁ አትወጡም።

ይሄን መብት ለማግኘት ማሸነፍ ብቻ አይበቃም፣ ዩኒቨርሲቲው አዘጋጅ ልሁን ብሎ ያመለክታል፣ የሜዳው ጥራት፣ ሊያስገባ የሚችለው ገቢ፣ መብራቱ፣ ለቲቪ የሚሆን ቦታ፣ ሁሉ ይታያል። ስለዚህ ስታዲየሙ ጌጥ አይደለም፣ ራሱ የውድድሩ መሣሪያ ነው። በዚያ ላይ የሚመለመሉት ልጆች አሉ። እስከ 2025 ድረስ አንድ የዲቪዥን አንድ (የኮሌጅ ስፖርት ከፍተኛው ደረጃ) ቡድን የነበረው ስኮላርሺፕ 11.7 ነበር፣ አዎ ነጥብ ሰባት፣ እሱን ደግሞ ለሃያ ምናምን ልጅ ቆራርጦ ማካፈል ነው። ሙሉ ስኮላርሺፕ ለሁሉም መስጠት ካልቻልክ ልጁን በምን ታማልለዋለህ? በሜዳ፣ በመለማመጃ፣ በ12,000 ሰው ጩኸት። አሁን ሕጉ ተቀይሮ በቡድን እስከ 34 ተጫዋች ሆኗል፣ ገንዘብ ያለው ለሁሉም መክፈል ይችላል፣ ግን ያ ሕግ እስኪመጣ ድረስ ኤስ ኢ ሲ የሚባለው የደቡቦቹ ሊግ ውስጥ ያሉት ዩኒቨርሲቲዎች በግንባታ ነበር የሚፎካከሩት። ኤል ኤስ ዩ በ2009 አዲስ ስታዲየም ከፈተ፣ ሌሎቹም ተከተሉ፣ ሚሲሲፒ ስቴት ዝም ብሎ ማየት አይችልም ነበር።

የተሠራውን ስናይ፣ መጀመሪያ ዙሪያውን ሙሉ የሚያዞር መተላለፊያ አለው። ቀላል ነገር ይመስላል ግን ትልቅ ለውጥ ነው፣ ድሮ ሽንት ቤት ወይ ምግብ ለመግዛት ከተነሳህ ጨዋታው ይቀርብሃል፣ አሁን ሜዳው እየታየህ ዙሪያውን ትሄዳለህ፣ ከሆም ፕሌት ጀርባ ያለው ሰው ላውንጁ ጋ ጓደኛው ዘንድ ሄዶ ሥጋ በልቶ ይመለሳል። ከዚያ ጀርባ ያላቸው ወንበሮች በብዛት፣ ከላይ ክለብና የግል ክፍሎች፣ ትልቅ ስክሪን፣ ተዳፋት ሳር ላይ ብርድ ልብስ አንጥፎ መቀመጥ ለሚፈልግ ቤተሰብ ደግሞ እሱም አለ። ሪከርዱ ላይ ያያችሁት 16,423 ሰው ሁሉ ወንበር ላይ አልተቀመጠም፣ ግማሹ ሳር ላይ፣ ግማሹ ላውንጅ ውስጥ፣ ግማሹ ቆሞ ነው (ሦስት ግማሽ ሆነ፣ ያው ጥቅጥቅ ብሎ ነበር)። እንዲህ ያለ ስታዲየም ስንት ሰው ይይዛል ለሚል ጥያቄ ቀጥተኛ መልስ የለውም ማለት ነው።

ላውንጁስ? እሱ ነበር ጭንቁ። አሮጌዎቹ ተጎታቾችና የተበየዱ መድረኮች ተነሱ፣ በምትካቸው አንድ ዓይነት የሆኑ ደረጃ ደረጃ ያላቸው ቋሚ የብረት መድረኮች ተሠሩ፣ ውሃና መብራት ገባላቸው። ከላውንጁ ጀርባ ደግሞ ሌፍት ፊልድ ሎፍትስ የሚባሉ አፓርታማዎች ቆሙ፣ በረንዳቸው ቀጥታ ሜዳው ላይ ነው፣ ሳሎንህ ሆነህ ጨዋታ ታያለህ። ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ፣ ቤዝቦል ሜዳ ላይ፣ አፓርታማ። ይሄን ያየሁ ጊዜ ስቄያለሁ፣ ግን ሐሳቡ ሞኝነት የለውም፣ ሰዎቹ ፒክአፕ አምጥተው እዚያው መኖር ከጀመሩ ሃምሳ ዓመት ሆኗቸው የለ፣ ዩኒቨርሲቲው ያደረገው ኪራይ ማስከፈል ነው።

የድሮውን የሚናፍቁ አሉ፣ እውነት አላቸው። እያንዳንዱ መድረክ በራሱ ባለቤት እጅ የተሠራ፣ አንዱ ቀይ አንዱ የዛገ፣ አንዱ ከአውቶቡስ አንዱ ከጋሪ የሆነበት ትርምስ ነበር ውበቱ፣ አሁን ሁሉም በአንድ ልክ የተሰፋ ሆኗል። ነገር ግን የዛገ ብረት ላይ ሃምሳ ሰው ጭኖ መዝለል እስከ መቼ ያስኬዳል፣ አንድ ቀን አደጋ ቢደርስ ኢንሹራንሱም ፍርድ ቤቱም አይምሩም። ለእኔ አንድ ነገር ነው ወሳኙ፣ ሰዎቹና ጥብሱ እዚያው መቅረታቸው። ቦታውን ለኮርፖሬት እንግዶች ብቻ ሸጠውት ቢሆን ኖሮ የዛሬው ስታዲየም ከሌላው በምን ይለይ ነበር?

ተመልካች የማያያቸው ነገሮችም አሉ፣ ከእነሱ ጥቂቱን ብቻ ላንሳ። መሃል አውትፊልድ ጀርባ ጥቁር ወይም ጥቁር አረንጓዴ ግድግዳ ታያላችሁ፣ ሰው አይቀመጥበትም፣ ምክንያቱም መቺው በሰዓት 150 ኪሎሜትር የሚመጣበትን ነጭ ኳስ ከነጭ ቲሸርት መሃል መለየት ስላለበት ነው፤ ያ ቦታ በሕዝብ ቢሞላ ሰው ሊጎዳ ይችላል። አጥሩ ሥር ሳሩ ያልቅና የአፈር መንገድ ይጀምራል፣ ወደ ላይ እያየ ኳስ የሚያሳድድ ተጫዋች እግሩ ሥር መሬቱ ሲለወጥበት ግድግዳው እንደቀረበ ይገባዋል። የሜዳው አቀማመጥም በዘፈቀደ አይደለም፣ የጨዋታው ደንብ ከሆም ፕሌት ወደ ሁለተኛው ቤዝ የሚሄደው መስመር ወደ ምሥራቅ ሰሜን ምሥራቅ ቢሆን ይመረጣል ይላል፣ ከሰዓት ፀሐይ መቺው ዓይን ላይ እንዳትወድቅ።

ሳሩ ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ደቡብ ውስጥ የተለመደው በርሙዳ የሚባለው ሳር ሙቀት ነው የሚወደው፣ በብርዱ ወራት ተኝቶ ቡናማ ይሆናል፣ ሲዝኑ ግን የሚጀምረው ፌብሩዋሪ ላይ ነው፣ ገና ብርድ ነው። መፍትሔው መጸው ላይ ራይ የሚባል ብርድ የሚችል ሳር ከላዩ መዝራት ነው፣ እሱ አረንጓዴ ሆኖ ይቆይና ሙቀቱ ሲመጣ ይሞታል፣ ከሥሩ በርሙዳው ይነሳል፣ ሽግግሩን ሰው እንዳያውቅ ማድረግ ነው ሙያው። ሚሲሲፒ ስቴት በ1878 የግብርና ኮሌጅ ሆኖ የተመሠረተ ስለሆነ የስፖርት ሜዳ ሳር አያያዝ የሚያስተምር ፕሮግራም አለው፣ ልጆቹ ትምህርቱን ከክፍል ወጥተው እዚያው ግቢያቸው ማየት ይችላሉ።

ኢንቨስትመንቱ ሠራ ወይ? በ2019 ሱፐር ሪጅናሉን በአዲሱ ሜዳ አዘጋጅተው ስታንፎርድን አሸንፈው ኦማሃ ገቡ። በ2021 ደግሞ ከኖተር ዳም ጋር ሱፐር ሪጅናል ሲያደርጉ በአንዱ ቀን 14,385 ሰው ገባ፣ ለዚያ ዙር ሪከርድ፣ በሦስተኛው ጨዋታ አሸንፈው አለፉ፣ ከዚያ ኦማሃ ላይ ጁን 30 ቀን ቫንደርቢልትን 9 ለ 0 አሸንፈው ሻምፒዮን ሆኑ። ይሄ በዩኒቨርሲቲው ታሪክ በቡድን ስፖርት የመጀመሪያው ብሔራዊ ዋንጫ ነው፣ በየትኛውም ስፖርት! ደስታው አንድ ዓመት ብቻ ነው የቆየው ታዲያ፣ በ2022 ዋንጫውን ኦል ሚስ ወሰደው፣ የጠላት ጎረቤት።

ግን ስታዲየም ብቻውን ጨዋታ አያሸንፍም። ከዋንጫው በኋላ ቡድኑ ወደቀ፣ በ2022ም በ2023ም 64ቱ ውስጥ እንኳን አልገባም። እና መጀመሪያ ላይ የነገርኳችሁ 16,423 ሰው የገባው መቼ ነው? በዚያው በ2023፣ ቡድኑ ሊጉ ውስጥ እየተደበደበ ባለበት ዓመት። ሱፐር ቡልዶግ ዊክኤንድ የሚሉት የጸደይ በዓላቸው ነበር፣ አየሩ ጥሩ፣ ባላንጣው ኦል ሚስ፣ ከሰሉ ቀይ። 68 ሚሊዮን ዶላር ያወጡት ሰዎች የገዙት ምን እንደሆነ ከዋንጫው ይልቅ ያቺ ቀን የበለጠ ታሳያለች ብዬ አስባለሁ፤ አሸናፊ ቡድን ባይኖርም ሰው የሚመጣበት ቦታ ብዙ ዩኒቨርሲቲ የለውም።

ዩኒቨርሲቲው ግን በሕዝቡ ብዛት ብቻ ረክቶ አልተቀመጠም። በ2025 አፕሪል ላይ ዋንጫውን ያመጣውን አሰልጣኝ ክሪስ ሌሞኒስን ሲዝኑ ሳያልቅ አሰናበቱና ጁን ላይ ከቨርጂኒያ ብራያን ኦኮነርን አመጡ፣ በ2015 ቨርጂኒያን ሻምፒዮን ያደረገውን ሰውዬ። ለብዙ ዓመት የተደላደለበትን ቦታ ለቆ ስታርክቪል የመጣ አሰልጣኝ ሜዳውንና ሕዝቡን ሳያይ አልመጣም።

በዚያ በኩል የምታልፉ ካላችሁ፣ ማክሰኞና ረቡዕ ከትናንሽ ኮሌጆች ጋር የሚደረጉት ጨዋታዎች ናቸው ለመግባት የሚቀሉት። የሊጉ ጨዋታ ከዓርብ እስከ እሑድ ሦስት ቀን ተከታታይ ነው፣ ኦል ሚስ የሚመጣበት ሳምንት ከሆነ ቀድማችሁ ካልገዛችሁ አታስቡት። ላውንጁ የባለቦታዎቹ ነው፣ ነገር ግን በመተላለፊያው ስታልፉ ከየት መጣችሁ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም፣ ጥሩ መልስ ከሰጣችሁ ሥጋውም አይቀርባችሁም። ጾም ከሆነ ግን የጸደዩ ሲዝን ከዐቢይ ጾም ጋር ነው የሚገጥመው፣ ጭሱን ብቻ ሸታችሁ ነው የምትመለሱት።